የተቀደደው ይግባኝ

አባቴ በተፈረደበት ሰሞን እኔ አማርኛ ገና እየለቀምሁ ነበር። እቤታችን የሚወራው አገውኛ ነው፤ አማርኛ የገበያና የፍርድ ቤት ቋንቋ ነበር። ስለዚህ አጎቴ አበረ ከዳንግላ ተመልሶ፣ ፈረሱን እንኳ ሳያስር፣ ለእናቴ «ይግባኝ እንላለን» ሲላት ቃሉን ጆሮዬ እንዳመጣልኝ ተረዳሁት። ከብት ሲመሽ ይገባል። ሰው ከገበያ ይገባል። እንግዲህ «ይግባኝ» ማለት አባቴ ወደ ቤቱ ይግባልኝ ማለት ነው። ዳንግላ ሄደው ለአንድ ትልቅ ሰው ይህን ቃል ቢሉት አባቴ በዚያው ዕለት ከእኛ ጋር የሚመጣ መሰለኝ። ይህን ቀላል ነገር ለማለት እናቴ ለምን እንደምታለቅስ ግን ሊገባኝ አልቻለም።

ነገሩ የተነሣው በግጦሽ ነው። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት መባቻ ላይ፣ አባቴ አዝመራውና ጎረቤታችን ዓለምነው ከወንዙ ማዶ ባለው ሣር ተጣሉ። አባቴ በያዘው ሽመል አንድ ጊዜ መታው። ዓለምነው ተነሥቶ፣ ጭቃውን አራግፎ፣ በእግሩ ቤቱ ገባ። ከዚያ «ራሴን» እያለ ሰንብቶ ከመስቀል በኋላ ሞተ። የልቅሶው ጩኸት ሲሰማ አባቴ ደጃፍ ላይ ቀርከሃ እየፈለጠ ነበር። መጥረቢያውን ለእናቴ አቀበላትና ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ሄዶ እጁን ሰጠ።

ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛው «የተከሰስህበትን አድርገሃል?» ቢሉት፣ «አድርጌአለሁ። በእጄ ነው የሞተው። ጥፋተኛ ነኝ» አለ። ምስክር መስማት አላስፈለገም። አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ፈረዱበት።

አጎቴ አበረ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያን ጊዜ ሸጋን ካገባ ዓመት አልሞላውም። አባታቸው በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደገው አባቴ ነበር። ፈረስ ግልቢያ የሚወድ፣ ሲስቅ የሚያስቅ፣ ሲቆጣ ግን ከፊቱ የማይቆም ሰው ነው። ፍርዱን ከሰማ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞር አለ። «ዝም ቢል ምን ነበረበት?» ይላል እየደጋገመ። «ያየው ሰው የለ። ዝም ቢል ምን ነበረበት?»

እኔንና እናቴን ጋሪ አሳፍሮ ዳንግላ ወሰደንና ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ስማቸው ዘንድ አቀረበን። አቶ ስማቸው ሸዕባን የሚባል ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይውላሉ። የአበረን ንግግር እስከ መጨረሻው ሰምተው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው በጥፋቱ ይግባኝ የለውም» አሉ። «አሁን ተመልሶ አልገደልሁም ማለት አይችልም። ያ በር ተዘግቷል።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«በቅጣቱ ግን ይችላል» አሉ አቶ ስማቸው። «በዛብኝ ማለት ይችላል። አንድ ምት ነው፤ ድንገተኛ ጠብ ነው፤ በገዛ እግሩ ሄዶ እጁን ሰጥቷል፤ ሳይክድ አምኗል። የደብረ ማርቆስ ዳኞች ይህን ካዩ ወደ አምስትና ስድስት ዓመት የሚያወርዱለት ይመስለኛል። ብቻ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ማንም አይቀበላችሁም። የእሱ የአውራ ጣት አሻራም ያስፈልጋል።»

«አምስት ዓመት» አለች እናቴ ቀስ ብላ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲበራ አየሁ። ያን ብርሃን በሕይወቷ ዳግመኛ ያየሁባት አይመስለኝም።

ከዚያው ወደ ወህኒ ቤቱ ሄድን። ወህኒ ቤቱ ከገበያው በላይ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ የታጠረ ነው። እስረኛው ከአጥሩ ወዲያ፣ ጠያቂው ከአጥሩ ወዲህ ይቆማል፤ በመካከል ዘበኛ ይመላለሳል። ዘበኛው የሌላ አገር ሰው ስለሆነ አገውኛ አይሰማም። እናቴ በቋንቋችን ስትጀምር፣ «በማላውቀው አታውሩብኝ፤ በአማርኛ» አላት። ስለዚህ አባቴና እናቴ እንደ እንግዳ በአማርኛ ተነጋገሩ። የአቶ ስማቸውን ቃል ነገረችው። አባቴ ግንዱን በሁለት እጁ ይዞ ሰማትና፣ «እንግዲያው አጽፉት፤ እፈርማለሁ» አለ። እሷ በሶውንና ቅቅል ድንቹን ልታስፈትሽ ወደ በሩ ስትሄድ እኔ ከአባቴ ፊት ቀረሁ። አጎቴ ቀድሞ ወደ ጸሐፊው ተመልሷል።

አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ረጅም ሰው መጣ። አባቴ እንዳየው ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ሰውየው ራሴን ዳሰሰኝ፤ ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ ቆሎ ዘገነልኝ። የአባቴ ወዳጅ ነው አልሁ። የሟቹ የዓለምነው ታላቅ ወንድም፣ ደርበው ነበር። አዘና በሚባል ሌላ አገር የሚኖር ስለሆነ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ዘበኛው በአጠገባቸው ሲያልፍ ሰምቶ ምንም የማይጠረጥረውን ነገር አወሩ።

«ቁናው ሙሉ እንዲሆንልን ነው የመጣሁት» አለ ደርበው። «ጢም ብሎ ይሰፈርልን። ከጎደለ ዘመዶቼ ከታናሹ ጎተራ ነው የሚሞሉት።»

አባቴም፣ «ታናሹ ጎተራ ገና አዲስ ነው» አለ። «ያለ ጥፋቱ ነው።»

«አውቃለሁ። አስቀድሜ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። እናቴ ናት የላከችኝ።»

«ሙሉውን እሰፍራለሁ።»

«ማልልኝ።»

አባቴ ቀኝ እጁን አንሥቶ በመድኃኔ ዓለም ማለ። ደርበው ራሱን ነቅንቆ፣ እኔን ደግሞ አንድ ጊዜ ዳስሶኝ ሄደ። አባቴ ግንባሩን ግንዱ ላይ አስደግፎ ቆየ። እኔ ቆሎዬን እየበላሁ አዘንሁለት፤ ለካ አባቴ ያልከፈለው እህል ኖሮበታል።

አጎቴ ማመልከቻው እስኪጻፍ ዳንግላ ሲያድር እኔና እናቴ በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ በመንገዱ ሁሉ ከእኔ ጋር ታወራ ነበር፤ አባቴ ሲወጣ እኔ ስንት ዓመት እንደሚሆነኝ፣ ፀጉሬን እንዴት እንደምትሠራኝ። ደስ ብሏት ሳያት እኔም ያለኝን ወሬ አወጣሁ።

«እምዬ፣ አባዬ እህል አለበት። ሰውየው ቁናውን ሙላልኝ አለው። ከጎደለ ከታናሹ ጎተራ እንሞላለን አለው።»

ቆመች። «ምን ዓይነት ሰው?»

ነገርኋት። ቃሉን መልሼ መላልሼ እንድናገር አደረገችኝ። «ታናሹ» ማለቱን፣ «ጎተራ» ማለቱን፣ አባቴም መማሉን። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሰዎች እያለፉ፣ «ምነው ዋጋዬ፣ አመመሽ?» ይሏታል።

እኔ ዛሬ አሮጊት ሆኜ ስናገረው ነገሩ ቀላል ነው። ቁናው አሥራ አምስቱ ዓመት ነው። ታናሹ ጎተራ አጎቴ አበረ ነው። አባቴ የተፈረደበትን ሙሉውን ከታሰረ የሟቹ ወገኖች ደማቸውን ይተዋሉ፤ ፍርዱ ከቀነሰለት ግን አበረን ይገድሉታል። ያን ዕለት ለእኔ እህል ብቻ ነበር። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ «ይህን ለአበረ እንዳትነግሪው። ለማንም እንዳትነግሪ» ስትለኝም፣ ዕዳ ስላሳፈራት መሰለኝ።

በማግስቱ አንድ ትልቅ ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ፣ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ አስራ ወደ ዓለምነው እናት ቤት ሄደች። እኔን ከፊቷ አስቀደመችኝ። እማሆይ እታለማሁ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከቤት አይወጡም። እናቴ በራቸው ላይ ተንበርክካ ዋለች። ድንጋዩን አውርጂው የሚላት የለም። ዝናብ መጣ፣ አባራ፣ ደግሞ መጣ። ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ብቅ አሉና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ገፍተው ጣሉላት።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?»

«አምስት ዓመት ይብቃው ይበሉልኝ። ደርበውን ይለምኑልኝ።»

«ደርበው እሺ ቢል የአጎቱ ልጆች አሉ» አሉ እማሆይ እታለማሁ። ከደጃፉ መቀመጫ ላይ ቁጭ አሉና የእናቴን ራስ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «አበረን ከልቅሶው ቀን ጀምሮ ነበር የፈለጉት። ጡቴን ይዤ ለምኜ ያገኘሁት ይህቺን ነው፤ ባልሽ የተፈረደበትን ከታሰረ ዝም ሊሉ። ከዚህ ወዲያ ልለምን ብል ይህችንም ያጠፉብኛል። አንዱ ሞተ፤ አንዱ ታሰረ። ሦስተኛውን ለማዳን ነው እንጂ ባልሽን ጠልቼው አይደለም።»

ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ደግሞ አሮጊቷ እህል አጥተው የሚያበድሩን ነገር እንደሌላቸው ተረድቼ ተመለስሁ።

ስለዚህ የራሴን መላ ዘየድሁ። ቀጥሎ ወህኒ ቤት ስንሄድ ከማጀት ገብስ ዘግኜ በቀሚሴ ጫፍ ቋጠርሁ። አጎቴ የተጻፈውን ይግባኝ ይዞ ዳንግላ ላይ ጠበቀን። ቀኑ ሊያልቅ የቀረው ትንሽ ነው። አባቴ ከአጥሩ ወዲያ ሲመጣ ከስቶ ነበር፤ ጢሙ አድጓል። አጎቴ ወረቀቱን በግንዶቹ መካከል አሾልኮ ሰጠው፤ ዘበኛውም የቀለሙን ጨርቅ ሊያቀብለው ፈቀደ። አባቴ ወረቀቱን አልተቀበለም።

«ይግባኝ አልልም» አለ።

ጆሮዬን አላመንሁትም። አባቴ ወደ ቤት መግባት አልፈልግም ማለቱ ነው።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ አጎቴ። «ባለፈው እፈርማለሁ ብለህ የለ?»

«ሐሳቤን ቀየርሁ። በእጄ ሰው ሞቷል። የተፈረደብኝን እታሰራለሁ።»

«ልጅህስ? ሚስትህስ?»

«አንተ አለህላቸው።»

አጎቴ ግንዱን በቡጢ መታው። «እኔ አባት አላውቅም» አለ። «አባቴ አንተ ነህ። እዚህ አፈር ላይ ስትበሰብስ እያየሁ ልኑር?»

አባቴ አንገቱን አዙሮ ወደ ጓሮው ተመለከተ። እኔ ያን ጊዜ ቀሚሴን ፈታሁና ገብሱን በአጥሩ ውስጥ ዘረጋሁለት።

«ይኸው አባዬ፤ ለሰውየው ስፈርለት። ከዚያ ትገባለህ።»

አባቴ ገብሱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቴን አየ። እናቴም ዓይኖቿን ከዓይኖቹ አልነቀለችም። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ተያይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ልጅቷ ነግራኛለች» አለችው።

«እንግዲያው አንቺ ታውቂያለሽ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ምን ትያለሽ ታዲያ?»

«አንተ ከማልህ ምን እላለሁ።»

አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምቷል፤ ግን ልቡ ወረቀቱ ላይ ነበር። ወንድሙ በሐዘን አእምሮው ተነክቷል ብሎ ደመደመ። ከወህኒ ቤቱ ስንወጣ በንዴት እየተራመደ ቀደመን። ቀኑ ሊያልፍ ነው፤ ወንድሙ አልፈርምም ብሏል። እናቴ ልታቆመው ብትሮጥም ፈረሱን ጋልቦ ሄደ።

ፍርድ ቤቱ ደጅ ስንደርስ ባለጉዳዮች መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰልፈው ነበር። አጎቴ ከፊት ሦስተኛ ሆኖ ቆሟል። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞታል፤ ግርጌው ላይ ወፍራም ሰማያዊ አሻራ አለ። የራሱም አውራ ጣት እስከ ጥፍሩ ድረስ ሰማያዊ ሆኗል። በወንድሙ ስም የራሱን ጣት አትሞበታል።

እናቴ ሰልፉን ጥሳ ገባች። «አበረ፣ እስቲ ስጠኝ፤ ልየው» አለችው።

ፊደል እንደማትለይ ያውቃል፤ ግን የወንድሙ ሚስት ናት፤ ሰጣት። እሷም ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው። አነባብራ ደግሞ ቀደደችው። ቁርጥራጩን እግሯ ሥር ጭቃ ላይ ጣለችና ረገጠችው።

አጎቴ ሊመታት ያነሣው እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አደረግሽ?»

«ይቀመጥ» አለች እናቴ።

«ማን ይቀመጥ?»

«አዝመራው። እዚያው ይቀመጥ።»

አጎቴ ወደ ሸዕባን ሱቅ በረንዳ ሮጠ። አቶ ስማቸው ግን ሁሉንም ከተቀመጡበት አይተዋል። «ሌላ አልጽፍልህም» አሉት። «ጣትህን ተመልከት። ይህን ይዘህ ብትገባ አንተንም ያስሩሃል።» በዚያው ቀን መስኮቱ ተዘጋ፤ ቀነ ገደቡም አለፈ።

እናቴ ለአጎቴ እውነቱን ያልነገረችው ለምን እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ቢሰማ ጠመንጃውን አንሥቶ በዚያው ሌሊት አዘና ይገባ ነበር። ይገድላል፣ ወይም ይሞታል፤ ምናልባትም ሁለቱም ይሆናል። አገሩ ግን ያየው ሌላ ነው። ዋጋዬ የባሏን ይግባኝ በአደባባይ ቀደደች፤ «ይቀመጥ» አለች። ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሌላ ሰው ይዛለች ተባለ። አንዱ የጋሪ ነጂ ነው አለ፤ ሌላው ሌላ ስም ጠራ። አጎቴ ደጃችንን መርገጥ ተወ። መሬታችንን የሚያርስልን እሱ ነበር፤ እናቴ ለባዕድ በእኩል ሰጠች። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ።

እኔም ያየሁት ያንኑ ነበር። «አልገባም» ካለው አባቴ ይልቅ ወረቀቱን የቀደደችው እናቴ ናት የከፋችብኝ፤ ከፍ ስል የሸጋ ቤት ማደር አበዛሁ። በየገበያው ቀን እናቴ በሶዋንና ድንቿን ተሸክማ፣ ብቻዋን፣ ግማሽ ቀን መንገድ ዳንግላ ትሄዳለች። የጠላችውን ባል ለመመገብ ማን እንደዚያ ይደክማል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት በበልግ ወህኒ ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባ። አባቴ ከታመመ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ሬሳውን በቃሬዛ አገር ቤት አመጣነው። እናቴ ከቃሬዛው ኋላ ስትከተል አጎቴ ዞሮ፣ «አንቺ ራቂ» አላት። ራቀች። መቃብሩ ሲቆፈር ከሴቶቹም ተለይታ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ብቻዋን ተቀመጠች።

ቄሶቹ ፍትሐቱን ሊጨርሱ ሲሉ ደርበው መጣ። ከኋላው ዘመዶቹ አሉ። ወንዶቻችን ጠመንጃቸውን ጨበጡ። ደርበው ግን የራሱን ጠመንጃ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸርጦ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመ።

«አዝመራው የማለውን ጠብቋል» አለ። «ሞት ቀደመው እንጂ እሱ ከቃሉ አልጎደለም። ወንድሞቼ እዚህ ናቸው፤ እነሱም ይስሙ። ከዛሬ ጀምሮ አበረን የሚፈልግ የለም።»

«እኔን?» አለ አጎቴ። «እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር?»

ደርበው ግራ ገብቶት አየው። «አልነገሩህም?» አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገረው። በአጥሩ ላይ የተነጋገሩትን፣ ቅጣቱ ቢቀነስ ኖሮ ዘመዶቹ ሊያደርጉ ያሰቡትን፣ የአባቴን መሐላ ነገረው። «ሚስቱ ታውቃለች» አለ በመጨረሻ። «ድንጋይ ተሸክማ እናቴ ደጅ ወድቃ ነበር።»

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቁናውም ጎተራውም ምን እንደነበሩ፣ እናቴ በመንገድ ላይ ለምን ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች ያን ዕለት፣ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ሰማሁ።

አጎቴ ሕዝቡን በሁለት እጁ እየከፈለ ወደ ቅጥሩ ሄደ። እናቴ ፊት ቆመ። እሷ ቀና አላለችም።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ስሰድብሽ...» አለና አልጨረሰውም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ጠመንጃህን ይዘህ ትሄድ ነበር።»

«ብሄድስ? ብሞትስ? እሱ ይወጣ አልነበር?»

እናቴ በዚህ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ከሸጋ ቀሚስ ጋር ተጣብቃ ወደቆመችው ወደ ትልቋ ልጁ ወደ ውብአየሁ በዓይኗ አመለከተችው።

«ሸጋ አርግዛ ነበር» አለች። «ላንተ ገና አልነገረችህም ነበር። ለእኔ ወንዝ ስንወርድ ነግራኝ ነበር።»

አጎቴ እናቴ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቄሶቹም፣ ቀባሪዎቹም፣ የደርበው ዘመዶችም አካፋና ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ እነሱ እያዩ ቆመዋል።

እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አራገፈች፤ የአጎቴን ክንድ ይዛ ልታነሣው ሞከረች፤ አልቻለችም። ወደ መቃብሩ ዞረችና ቀባሪዎቹን፣ «አፈሩን መልሱለት» አለቻቸው። «ዝናብ መጣ።»